የፊት ግድግዳና ደጃፍ፦ ስለ ሴንትራል ዲስትሪክት ሕንፃዎች እድሳት የቀረበ ሂስ

በሲያትል ከተማ፣ ዐሥራ አምስተኛው ጎዳና ከዩኒየን ጎዳና ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት ከካፒቶል ሂል ጋር በሚዋሰንበት ዳርቻ፣ ከኋላው ቤት የሌለው የቤት ፊት ቆሟል። ቴምፕል ዲ ኸርሽ የተባለው የአይሁድ ምኩራብ መግቢያ ቅሪት ነው። ምኩራቡ በ1908 ተመረቀ፤ በ1960 ከአጠገቡ አዲስ ምኩራብ ተሠራ፤ አሮጌው በ1993 ፈረሰ፤ ሲፈርስም የመግቢያው ፊት ለመታሰቢያ እንዲቀር ተደረገ። መንገደኛው ቀና ብሎ ያየዋል፤ በደጃፉ ቢያልፍ ግን የሚደርሰው ሜዳ ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ካላልን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ይህን ቅሪት መነሻ ያደረግነው ለማላገጥ አይደለም። እንዲያውም ያፈረሱት ሰዎች አንድ ሐቀኝነት አላቸው፤ ከግድግዳው ጀርባ ሌላ ቤት ለጥፈው «አሮጌው ሕንፃ እነሆ አለ» አላሉንም። ክርክራችን ከሌላ ልማድ ጋር ነው። ይኸውም የአሮጌውን ሕንፃ የጎዳና ግድግዳ፣ ፈረንጆቹ ፋሳድ የሚሉትን፣ ብቻ አቁሞ፣ ወለሉን፣ ጣራውን፣ ደረጃውንና ነዋሪውን አውጥቶ፣ በስተኋላው ፍጹም ሌላ ሕንፃ ከሠሩ በኋላ ሥራውን «እድሳት» ብሎ መጥራት ነው። ይህ ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ከተስፋፋ ቆይቷል፤ ብራስልስ በእርሱ ምክንያት መተረቻ እስከ መሆን ደርሳለች። ዛሬ በሲያትልም፣ በአዲስ አበባም፣ በየራሱ መልክ ገብቷል።

ለምን ሴንትራል ዲስትሪክትን መረጥን? ከ1980ዎቹ ወዲህ ወደ ሲያትል የመጡ ወገኖቻችን ሰፈሩን በቼሪና በጄፈርሰን ጎዳናዎች ያውቁታል። የበርበሬና የቡና ሽታ ከሩቅ የሚጠራባቸው ምግብ ቤቶች የተከፈቱት በአሮጌ የእንጨት ቤቶችና በትናንሽ ሱቆች ውስጥ ነበር፤ ኪራዩ ረከስ ያለ ነበርና። እኛ የገባንባቸው ደጃፎች ከእኛ በፊት የጥቁር አሜሪካውያን፣ ከእነርሱም በፊት የአይሁድ፣ የዴንማርክና የጃፓን ስደተኞች ደጃፎች ነበሩ። በ1970 ከሰፈሩ ነዋሪ ከመቶ ሰባ የሚበልጠው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በ2010ዎቹ አጋማሽ ይህ ቁጥር ከመቶ ሃያ በታች ወርዷል። ጥቁሩን ወደዚህ ሰፈር ያጎረው በሌላ ሰፈር ቤት እንዳይገዛ የሚከለክለው የሽያጭ ውልና የባንኮች ክልከላ ነበር፤ ከዚሁ ሰፈር ያስወጣው ደግሞ የኪራዩና የመሬት ግብሩ መናር ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ስለ አንድ ግድግዳ መነጋገር፣ ግድግዳው የማን ነበር፣ አሁንስ የማን ነው ብሎ ከመጠየቅ ጋር የማይነጣጠል ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሂሱ በአየር ላይ ይቀራል። በቅድሚያ ግድግዳው በብረት ድጋፍ ይያዛል። ከዚያ ወለሎቹና ጣራው ከግድግዳው ተቆርጠው ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ በአደባባይ የሚታየው ነገር ከአንድ ክንድ ብዙም የማይበልጥ ውፍረት ያለው፣ በራሱ መቆም የማይችል የጡብ ልጥ ነው። ከኋላው ጥልቅ መሠረት ይቆፈራል፤ ብዙውን ጊዜ ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ምድር ቤት ይገባበታል። አዲሱ የብረት ወይም የአርማታ አጽም ሲነሣ አሮጌው ግድግዳ በማያያዣ ብረት ይታሰርበታል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ቤቱን አይሸከምም፤ ቤቱ ግድግዳውን ይሸከማል።

የንድፍ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአሮጌው ሕንፃ ክፍሎች ከፍታቸው ረዥም ነበር፤ የአዲሱ አፓርታማ ክፍሎች ግን አጭር ናቸው፤ ባለ ገንዘቡ በአንዱ ከፍታ ውስጥ ተጨማሪ ፎቅ ማስገባት ይፈልጋልና። ስለዚህ አዲሱ ወለል በአሮጌው መስኮት ወገብ ላይ ያቋርጣል፤ ይህንንም ለመሸፈን ጥቁር መስተዋት ይለጠፋል። አሮጌው በር ደግሞ ከአዲሱ ወለል ጋር ስለማይገጥም ይቆለፍና ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ እውነተኛው መግቢያ በጎን በኩል፣ ከመኪናው መውጫ አጠገብ ይከፈታል። ብልህ አርክቴክት ይህን ማስቀረት ይችላል፤ አዲሱን አጽም ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ አርቆ፣ በመካከላቸው ሙሉ ከፍታ ያለው አዳራሽ በመተው መስኮቶቹን በሕይወት ያቆያቸዋል። ነገር ግን ያ የተተወው ስፍራ የማይከራይ ስፍራ ነው፤ በሒሳብ መዝገቡም ላይ እንደ ኪሳራ ይጻፋል። ስለዚህ እምብዛም አይታይም።

ከሴንትራል ዲስትሪክት በስተምዕራብ ባለው የፓይክና የፓይን ሰፈር ከተማው በ2009 ያወጣው ደንብ ይህንኑ ልማድ በሽልማት አጸናው፤ ቢያንስ 75 ዓመት የሞላውን ሕንፃ መልክ ለሚያቆይ ገንቢ ተጨማሪ ከፍታ ፈቀደለት። የደንቡ አሳብ በጎ ነበር። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ የድሮ የመኪና መሸጫ ግድግዳ ከታች፣ አራትና አምስት ፎቅ መስተዋት ከላይ ሆነ፤ አያቱ ትከሻ ላይ ወጥቶ «እኔ ነኝ ረዥሙ» እንደሚል ልጅ። ሕግ አውጪው የሚለካውን ነገር ብቻ ነው መሸለም የሚችለው፤ ግድግዳ በሜትር ይለካል፤ በውስጡ የነበረው ሙያና ሰው ግን በሜትር አይለካም።

ስለ ጡብም አንድ ነገር እንጨምር፤ ባለሙያ ያልሆነው አንባቢ ይታገሠን። በየካቲት 28 ቀን 2001 በኒስኳሊ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መጠኑ 6.8 በነበረው፣ በሲያትል ከጉዳት ሁሉ ጎልቶ የታየው የአሮጌ ጡብ ቤቶች ግንባርና ጫፍ ወደ ጎዳና መውደቁ ነበር። በከተማው ብረት ያልገባባቸው የጡብ ሕንፃዎች አንድ ሺህ አንድ መቶ ያህል ናቸው። እነዚህን ማጠናከር ማለት ግድግዳውን ከወለሉና ከጣራው ጋር አጥብቆ ማሰር ማለት ነው፤ ግድግዳውን ከወለሉ ቆርጦ ብቻውን ማቆም ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የጥንቱ ጡብ የታሰረው በለስላሳ የኖራ ምርጊት ነው። ዛሬ በጥድፊያ በሲሚንቶ የሚሞላው መጋጠሚያ ከጡቡ ስለሚጠነክር፣ እርጥበትና ውርጭ በመጡ ቁጥር የሚሰነጠቀው ምርጊቱ ሳይሆን ጡቡ ራሱ ይሆናል። ፊቱን እናድናለን ሲሉ ፊቱን የሚገድሉት በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ከምኩራቡ ቅሪት ተነሥተን በዩኒየን ጎዳና ወደ ምሥራቅ እንሂድ። ሃያ አራተኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ የሊበርቲ ባንክ ሕንፃ የተባለውን እናገኛለን። ሊበርቲ ባንክ በ1968 የተከፈተ፣ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የመጀመሪያው የጥቁሮች ባንክ ነበር። ባንኮች ሰፈሩን በካርታ ላይ በቀይ መስመር ከልለው ብድር ስለ ነፈጉት ነዋሪው የራሱን ባንክ አቆመ። ባንኩ በ1988 ተዘጋ። ቤቱ ዝቅ ያለ ትሑት የጡብ ቤት ነበር፤ ዐምድ የለውም፣ ጉልላት የለውም፣ ለፖስታ ካርድ የሚሆን መልክ አልነበረውም። በ1973 የወጣው የሲያትል የቅርስ ሕግ አንድ ሕንፃ 25 ዓመት እንዲሞላውና ከስድስት መመዘኛዎች ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃል። የሊበርቲ ባንክ ጉዳይ በ2014 ለቅርስ ቦርዱ ቢቀርብም ሳይመዘገብ ቀረ፤ በ2015 ፈረሰ።

እዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ቀጥሎ የመጣው ነው። የዛሬው ኮሚዩኒቲ ሩትስ ሃውሲንግ፣ ያኔ ካፒቶል ሂል ሃውሲንግ ይባል የነበረው ድርጅት፣ ከአፍሪካታውን፣ ከበርድ ባር ፕሌስና ከጥቁሮች ማኅበረሰብ ጥምረት ጋር ውል ገባ፤ ውሉ ሕንፃው ውሎ አድሮ በጥቁሮች ማኅበረሰብ እጅ የሚገባበትን መንገድ የሚያመለክት ነበር። በሚቱን የአርክቴክቶች ድርጅት የተነደፈው አዲሱ ሕንፃ በመጋቢት 2019 ሲከፈት 115 አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚከራዩ ቤቶች ነበሩት፤ ከመጀመሪያዎቹ ተከራዮች አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከፈረሰው ባንክ የተረፉ ጡቦችና የአደራ ሣጥን በሮች በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ገብተዋል፤ የሰፈሩ ሠዓሊዎችም ሥራዎቻቸውን አኖሩበት።

እኛ ይህን ሕንፃ በሁለት ልብ ነው የምናየው። በአንድ በኩል እንደ ሥነ ሕንፃ የሚደነቅ ገጽ አለው ለማለት አንደፍርም፤ በሩቁ ሲያዩት በዚያው ዘመን ከተተከሉት የሲያትል አፓርታማዎች ብዙም አይለይም። ቦርዱም ያን ትሑት ቤት አለመመዝገቡ ስሕተት ነበር እንላለን፤ የቅርስ መመዘኛው መልክን እንጂ መከራን ማንበብ ያልለመደ መሆኑን አጋልጧል። በሌላ በኩል ግን አንድም ሜትር የፊት ግድግዳ ሳይተርፍ የተረፈ ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም። ባንኩ የተሠራው የተከለከለ ሰው እንዲገባበት ነበር፤ አዲሱም ቤት የተሠራው ከሰፈሩ እየተገፋ ያለ ሰው እንዲገባበት ነው። ፊቱ ጠፋ፤ ደጃፉ ቀረ። በፓይክና በፓይን የምናየው የዚህ ግልባጭ ነው።

ከጎዳናው ማዶ፣ ሃያ ሦስተኛው ጎዳና ላይ፣ በ2021 የተከፈተው ሚድታውን ስኩዌር 428 ቤቶች አሉት። ንድፉ በገምጋሚዎች ፊት አንዴ ቀርቦ የጸደቀ አይደለም፤ የሰፈሩን ሰው አይመስልም ተብሎ ተመልሷል። ከተማው በ2018 ለሴንትራል ዲስትሪክትና ለአካባቢው የተለየ የንድፍ መመሪያና የራሱን ገምጋሚ ቦርድ አቋቁሞ ነበር፤ መመሪያው ስለ በረንዳና ስለ ደጃፍ ደረጃ፣ ስለ መሰብሰቢያ ስፍራና ስለ ጥቁሮች ባህል መታየት ይናገራል። በውጤቱ ሚድታውን ስኩዌር አደባባይና ታላላቅ የግድግዳ ሥዕሎች አገኘ። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ አደባባዩም ሰው ይቀመጥበታል። ይሁን እንጂ መመሪያ የጡብ ቀለም ሊያዝ ይችላል፤ ኪራይ ሊያዝ አይችልም። ግድግዳ ላይ የተሣለው ሰው እዚያው ቤት ሊከራይ ካልቻለ ሥዕሉ መታሰቢያ ነው፤ መታሰቢያ ደግሞ ለሄደ ሰው የሚደረግ ነው። በ2024 ከአጠገቡ የተከፈተው አፍሪካታውን ፕላዛ 126 ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ማከሉ ይህን ሚዛን በመጠኑ አቅንቶታል።

አሮጌውን ግድግዳ ማቆየት ሁልጊዜ ከንቱ ነው አንልም፤ እንዲህ ብንል ከአፍራሾቹ ጋር በተሰለፍን። ሙሉውን ቤት ማዳን እንደሚቻል ሰፈሩ ራሱ ያስተምራል። ዐሥራ አራተኛውና ፈር ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለው ዋሽንግተን ሆል በ1908 በዴንማርካውያን ወንድማማች ማኅበር ተሠራ፤ የጭፈራ አዳራሽና ለአዲስ መጪ ስደተኞች ማደሪያ ክፍሎች ነበሩት። ዱክ ኤሊንግተንና ቢሊ ሆሊዴይ ተጫውተውበታል። በ1973 የሄይቲ ልጆች የተባለ የጥቁሮች ማኅበር ገዛው፤ በ2009 ሂስቶሪክ ሲያትል ተረከበው፤ እድሳቱ በ2016 ተጠናቀቀ። በዚህ እድሳት ዋናው ድካም የዋለው በማይታየው ነገር ላይ ነው፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ በሚሆነው ማጠናከሪያ፣ በአሳንሰሩ፣ አካል ጉዳተኛ በሚገባበት መንገድ ላይ። ቤቱም በውስጡ ለሚኖሩ የሰፈር የኪነ ጥበብ ቡድኖች ተሰጠ። ከእነርሱ አንዱ ሂድሞ ነበር። ሂድሞ በጃክሰን ጎዳና ላይ እስከ 2010 ድረስ የነበረ የኤርትራውያን ምግብ ቤት ነው፤ ምግብ ቤት ብቻ ግን አልነበረም፤ የሰፈሩ ወጣት ገጣሚና ሙዚቀኛ ማደሪያ ነበር። ሂድሞ ማለት በደጋው የድንጋይና የእንጨት ቤት ማለት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። የአንዱ ስደተኛ ቤት ስም፣ የራሱን ቤት ካጣ በኋላ፣ በሌላው ስደተኛ ቤት ውስጥ ተጠለለ።

ዐሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ማርከስ ፕሪቴካ የነደፈው የ1915ቱ የቢኩር ኮሊም ምኩራብ የላንግስተን ሂዩዝ የትርዒት ጥበባት ቤት ሆኗል፤ ምኩራብነቱን ሳይደብቅ። በስተደቡብ ያለው ኮልማን ትምህርት ቤት ደግሞ የበለጠ ይነግረናል። በ1909 የተሠራው ይህ ትምህርት ቤት በ1985 ሲዘጋ የሰፈሩ ሰዎች የጥቁሮች ሙዚየም ይሁንልን ብለው ገቡበት፤ ለስምንት ዓመት አልወጡም። ሙዚየሙ በ2008 ተከፈተ፤ ከበላዩ 36 ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ተሠሩ። ያን የጡብ ፊት ያዳነው የቅርስ መመዘኛ ሳይሆን ያለ ማሞቂያ ክረምቱን እዚያ ያደረ ሰው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ የቤት አሠራር «ፊት» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ክቡ ጎጆ ፊት የለውም፤ በር ነው ያለው። ክቡ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ እንደ ቀለበት ሲከባበሩ ካህኑ፣ ወንዱና ሴቱ በየበራቸው ይገባሉ። የቤት ክብር በቋንቋችን የሚለካው በደጅ ነው፤ ደጃዝማች እንላለን፣ ደጀ ሰላም እንላለን፣ ባለጉዳዩም ደጅ ይጠናል። ወደ ጎዳና የዞረ ያጌጠ ፊት በከተማ የተስፋፋው በአራዳ፣ ሱቅ ከሱቅ ጎን ሲሰለፍ፣ በሕንድ፣ በአርመን፣ በግሪክና በጣሊያን ባለ እጆች፣ በበረንዳና በሰገነት ነው። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር በ2007 ባወጡት መጽሐፍ እስከ 1941 ድረስ የነበረውን የአዲስ አበባ ሕንፃ በዝርዝር አሳይተውናል።

አንድ ታላቅ ልዩነት ግን አለ፤ አክሱም። የአክሱም ሐውልት ፎቅ በፎቅ የተደራረበ ሕንፃ ፊት ነው፤ መስኮት አለው፣ የወራጅ እንጨት ራስ የሚመስል ጌጥ አለው፣ ከግርጌውም ከእነ መቆለፊያው የተቀረጸ በር አለው። ከበሩ ጀርባ ክፍል የለም። በ1937 ወደ ሮማ የተወሰደውና በ2005 ተመልሶ በ2008 የተተከለው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የማይከፈት ደጃፍ ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይህን ሲያደርጉ አልተሳሳቱም፤ የሠሩት ለመቃብር ነው። ክፍል የሌለው ፊት የማን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር።

በ2016 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር ከአራዳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ በ2017 ካዛንችስ ተከተለ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። ከጎዳናው ዳር የቀሩት ሕንፃዎች ፊታቸውን እንዲያድሱ፣ እንዲቀቡና መብራት እንዲያበሩ ታዘዙ። የእግረኛው መንገድ መስፋቱንና የፍሳሹ መሠራቱን አንነቅፍም፤ በአራዳ ጭቃ ያደግን ሰዎች ነን። የምንነቅፈው ስለ ከተማ የተያዘውን አሳብ ነው፤ ከመኪና መስኮት ለሚታይ ዐይን የሚሠራ ከተማ፣ ከግድግዳው ጀርባ ማን እንደሚያድር አይጠይቅም። በሲያትል ይህን የሚያደርገው ገንዘብ ነው፤ በአዲስ አበባ ትእዛዝ ነው። ለተፈናቃዩ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ለሐያሲው ግን ይለያል፤ በሲያትል ገንቢው ንድፉን ይዞ በሰፈሩ ሰው ፊት መቅረብና መመለስ ነበረበት።

ሌላው ነቀፌታችን የሙያ ነው። የአራዳ አሮጌ ፎቅ ቤቶች ብዙዎቹ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ ናቸው። ጭቃ ይተነፍሳል፤ በክረምት የጠጣውን በበጋ ይተፋል። በኖራ ሲቀባ ይህን ትንፋሽ አያጣም። በሲሚንቶ ተለስኖ በፕላስቲክ ቀለም ሲታሸግ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ማገሩና ምሰሶው ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ያማረው ግድግዳ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሆዱን ይነፋል፤ ያኔ «አሮጌ ነው፣ ይፍረስ» ይባላል። በ1992 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ጥገናና እድሳት የባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል፤ ይህን ያዘዘው ቀለም እንኳ ቤት ሊገድል እንደሚችል በማሰብ ይመስለናል።

ለማመዛዘን አፍሪካ አዳራሽን መጥቀስ አለብን። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1961 የተመረቀው ይህ ሕንፃ በ57 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ታድሶ በጥቅምት 2024 ተከፈተ። የውጭ ግድግዳውን የሚሸፍኑት ከ13 ሚሊዮን የሚበልጡ የሞዛይክ ጠጠሮች በቀድሞው ቀለማቸውና ልካቸው እንደገና ተሠርተው ተለጠፉ፤ አጽሙ ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጠናከረ፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል ታከመ። እዚህ ፊቱና ውስጡ አንድ ሆነው ታደሱ፤ አዳራሹም ዛሬ እንደ ጥንቱ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ቢሆንም የተባበሩት መንግሥታት አጥር ውስጥ ያለ ሕንፃ ለዶሮ ማነቂያ ጭቃ ቤት መለኪያ ሊሆን አይችልም። ያን ያህል ጠጠር በልኩ መልሶ መሥራት የሚችል ዘመን፣ አንድ የጭቃ ሰገነት ከእነ ባለቤቷ መጠገን የተሳነው በጥበብ ማነስ አይደለም።

እኛም ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደለንም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማንጠቅሰው ከተማ፣ አባል የነበርንበት አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት አሮጌ የሱቅ ቤት ገዛ። ጣራው ያፈሳል፤ መግቢያው ሦስት ደረጃ አለው። ለእድሳቱ የተዋጣው ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም ነበርና በጉባኤ ተከራከርን። የእኛ ድምፅ ሳይቀር የተሰጠው ለፊቱ ነው፤ ከጎንደር ግንብ የተቀዳ ጥርስ የመሰለ ግንባር፣ ከደጃፉም በግራ በኩል ከፎም ተቀርጾ በግራጫ ቀለም የተቀባ የአክሱም ሐውልት። የምረቃው ዕለት ሁላችን ከፊቱ ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን። በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ አንድ አዛውንት ከደረጃው ግርጌ ቆመው ጥቂት ሲያዩት ከቆዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ሐውልቱንስ አቆማችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። እኔ በየት በኩል ልግባ?» አሉን። አራት ሆነን ተሸክመን አስገባናቸው። የእንጨት መወጣጫ በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል ተባለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ ተባለ። ከሰባት ዓመት በኋላ ቤቱ ሲሸጥ ገዢው በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሠራተኛ ልኮ ሐውልቱን አስነቀለ፤ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም። በማግስቱ በደረጃው ላይ የአርማታ መወጣጫ ሲያፈሱ አየን።